የቤት ለቤት ፊዚዮቴራፒ በደብረ ብርሃን፦ ለእናቴ 12 ሳምንት ከፍዬ ያየሁት

ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሰውነትን አቅም የሚመልሰው ባለሙያ፣ መጀመሪያ ቀን ሲመጣ የእናቴን እግር በቅባት አሽቶላት የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ፎጣና ሙቅ ውሃ አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። እሱ ግን ከአልጋው አጠገብ ቁጭ አለና «እማማ፣ ከመውደቅዎ በፊት ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚሠሩት ምን ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ግራ ገባት። አምስት ሳምንት ሙሉ የጠየቅናት «ያምሻል ወይ?» እና «በላሽ ወይ?» ብቻ ነበር። ትንሽ አሰበችና «እሳት ማያያዝ» አለችው። «በሉ እንግዲያው እሳቱን ድጋሚ እስኪያያይዙ እንሠራለን» አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ጠንካራ ወንበር አምጪ አለኝ።

ይህን የምጽፈው እናት ወይም አባት አልጋ ላይ የዋለበት ሰው በየሰፈሩ ስላለ ነው። አገልግሎቱን የሚሰጡት ጠባሴ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ ሦስት ወጣቶች ናቸው። ቤት ለቤትም ይሄዳሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ የሚያስመሰግናቸውም የሚያስወቅሳቸውም ነገር ስላለ በስም መጻፉን አልወደድኩትም።

እናቴን ቤተሰቡ በሙሉ እቴቴ ነው የሚላት። ዕድሜዋ 79 ነው። ቤቷ መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ሊነጋ ሲል ለሽንት ወጣች። ደጁ ላይ ውርጭ የያዘ ድንጋይ አዳለጣትና ወደቀች። ጭኗ ከዳሌዋ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰበረ። አጎቴ ወጌሻ ካልጠራን ብሎ ነበር። ወንድሜ እምቢ ብሎ መኪና ፈልጎ አወጣት። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ብረት ገባላት። ሐኪሞቹ አጥንቱን አሳምረው ሠርተዋል፤ ይህን እመሰክራለሁ። ሲያስወጡን ግን የመድኃኒት ወረቀትና የቀጠሮ ቀን ሰጡን እንጂ መቼ እንደምትቆም፣ በምን እንደምትራመድ የነገረን የለም። «እንዳትወድቅ ተጠንቀቁ» ተባልን። ደብረ ብርሃን እኔ ቤት አመጣናትና ተጠነቀቅን።

እንዴት እንደተጠነቀቅን ልንገራችሁ። አልጋዋን ወደ ሳሎን አወጣን። ውሃ ስትፈልግ ውሃው ይመጣላታል። ምግቡን እኔ አጎርሳታለሁ። ፀጉሯን ልጄ ታበጥርላታለች። ሽንት ሲመጣ ሁለት ሆነን አንስተን ፖፖ ላይ እናስቀምጣታለን። ጠያቂ ሲመጣ «ተኚ፣ ተኚ፣ በሞቴ አትነሺ» ይላታል። በኛ አገር እናትን መጦር ማለት ይህ ነው፤ እጇን ሳታነሳ ሁሉ ነገር ሲቀርብላት። በፍቅር ነው ያደረግነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ 49 ኪሎ የነበረችው ሴት 43 ገባች። ጭኗ ክንዴን አከለ። ማታ ማታ የት እንዳለች ይጠፋታል፤ የሞተችውን እህቷን ትጠራለች። እኔ ዕድሜ ነው አልኩ። ጎረቤቶቼም ዕድሜ ነው አሉ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ልጅ ግን ዕድሜ ነው አላለም። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ወረቀት ጠይቆ አነበበ። ቀዶ ጥገና ባደረገላት እግር ሙሉ ክብደቷን መጣል እንደሚፈቀድላት ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። አምስት ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ እኔ አላነበብኩትም። ከዚያ ጣቶቹን ሰጥቷት «ይጭመቁኝ» አላት። ስንት ኪሎ እንደቀነሰች፣ ቶሎ ይደክማት እንደሆነ፣ ቀን ምን ስትሠራ እንደምትውል ጠየቀ። እኛ «ጉልበት ከዳት» የምንለውን እነሱ ፍሬይልቲ ይሉታል። ሊንዳ ፍሪድ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. አምስት ምልክት አስቀምጣለታለች፦ ሳይታሰብ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዝገም፣ ከእንቅስቃሴ መራቅ። ሦስቱ የተገኙበት ሰው አቅሙ ተሟጧል ማለት ነው። እቴቴ ላይ አምስቱም ነበሩ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ጡንቻ ካልሠራ እንደሚሟሽሽ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሳሎኔ ውስጥ ሲሟሽሽ ግን አላየሁትም። የዚያን ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት ላይ፣ በአማካይ 67 ዓመት የሆናቸው ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደረገ። ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጡ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ያልታመሙ ሰዎች ናቸው። እቴቴ 79 ዓመቷ ነው፣ አጥንቷ ተሰብሯል፣ 35 ቀን ተኝታለች። እያነበብኩ አለቀስኩ። ባለቤቴ መብራቱን አጥፊው እስኪለኝ ድረስ አላቆምኩም።

እንግዲህ ወደ ሥራቸው ልግባ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ለ12 ሳምንት ተስማማን። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። ሰዓቱን የመረጠው እሱ ነው። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ ግቢውን ሳትነካ የሽማግሌ ጉልበት አይታጠፍም።

የመጀመሪያው ሥራ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነበር። ሌላ ነገር የለም። እቴቴ ግን አልቻለችም። ሁለት ጊዜ ሞክራ ተቀመጠችና አለቀሰች። ልጁ ሦስት ብርድ ልብስ አስመጣኝ፤ እዚሁ የከተማችን ፋብሪካ የሚሠራቸውን ወፋፍራሞቹን። አጣጥፎ ወንበሩ ላይ ደራረባቸው። መቀመጫው ከፍ ሲል ተነሳች። እየተንቀጠቀጠች፣ እጁን ይዛ፣ ግን በራሷ እግር። «አሁን ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ መውደቅ የለም፣ መቀመጥ ነው» አላት። ዋናው ሥራ ቀስ ብሎ መውረዱ ላይ እንደሆነ ቆይቶ ነገረኝ። በአራተኛው ሳምንት አንዱን ብርድ ልብስ አነሳ። በስድስተኛው ሁለተኛውን። በስምንተኛው ወንበሩ ባዶውን ቀረ። እቴቴ ሦስተኛውን ብርድ ልብስ ራሷ አንስታ «በል ይኸው፣ ለሌላ ሰው ይሁን» ብላ ሰጠችው።

እሱ በሌለበት ቀን ጠዋት አስር፣ ማታ አስር ጊዜ ትነሳለች። ቁጥር ይጠፋባታል። በመቁጠሪያሽ ቁጠሪ ብላት ተቆጣችኝ፤ መቁጠሪያ ለጸሎት ነው። ልጁ አስር የባቄላ ፍሬ በጣሳ አድርጎ አንድ በተነሳች ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ሌላው ጣሳ እንድትጥል አደረገ። ይህች ነገር ከሁሉም ዘዴዎቹ ይበልጥ ጠቅማናለች።

እግሯ ላይ ደግሞ ክብደት አሰረ። በካልሲ ውስጥ ሩብ ኪሎ ገብስ አድርጎ፣ አፉን ቋጥሮ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ። ተቀምጣ እግሯን ትዘረጋለች፣ ትመልሳለች። ቀስ በቀስ አንድ ኪሎ ደረሰ። ጎረቤቴ አይታ «አሮጊት ላይ ጭነት?» ብላ ደነገጠች። እኔም ደንግጬ ነበር። ግን ነገሩ የተፈተነ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የቦስተን ጥናት ላይ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚኖሩ 100 ደካማ ሰዎች ነበሩ። አማካይ ዕድሜያቸው 87 ነው። ከነሱ ከፊሎቹ ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት እየገፉ ሠሩ። የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፣ እርምጃቸውም ፈጠነ። የሚያበረታ መጠጥ ብቻ ተሰጥቷቸው ያልሠሩት ግን ጉልበት አላገኙም። 87 ዓመት ነው የምላችሁ። እቴቴ ለነሱ ልጅ ናት።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ማርጆሪ ዋረን የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም በ1935 እ.ኤ.አ. ለንደን ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ውስጥ 714 በሽተኞች ያሉበትን ክፍል ተረከበች። ብዙዎቹ አይነሱም ተብለው ዓመታት የተኙ አዛውንቶች ነበሩ። አንድ በአንድ መረመረቻቸው፣ ከአልጋ አወረደቻቸው፣ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ሰደደች።

እኛ ቤት የተለወጠው ግን ከሁሉ በላይ የቤቱ ሥርዓት ነው። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት እኔን፣ ባለቤቴንና ልጄን ሰብስቦ «ከእንግዲህ የምትችለውን ነገር የሚያደርግላት ሰው ጉልበቷን እየወሰደባት ነው» አለን። ቃሉ ከበደኝ። ግን እሺ አልን። በራሷ መጉረስ ጀመረች። የውሃ ብርጭቆዋ አራት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ጠያቂዎችን በረንዳ ላይ አስቀምጡ አለ፤ መጥታ ታጫውታቸው። በመጀመሪያው እሁድ የእድራችን ሴቶች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት ጠበቋት። አንዷ «ይህ ነውር ነው» ብላ በግልጽ ተናገረችኝ። እቴቴ ዎከሯን፣ ያንን ይዛ የምትራመድበትን ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ እየገፋች ከበሩ ብቅ ስትል እልል ያለችውም ይህችው ሴትዮ ናት።

ማታ ማታ መቃዠቷም ቀነሰ። ቀን ፀሐይ ላይ ትውላለች፣ ለሊት ትተኛለች። እንቅልፍ እንዲወስዳት ከፋርማሲ የገዛንላት ኪኒን ነበረ። ልጁ ኪኒኑን ሲያይ «ይህ የኔ ሥራ አይደለም፤ ግን ለሐኪሟ ሳታሳዩ አትቀጥሉ፣ አዛውንት ላይ መፍዘዝና መውደቅ ያመጣል» አለን። አሳየን። ሐኪሙ ቀስ በቀስ አስተዋት። የራሱን ድንበር የሚያውቅ ባለሙያ ደስ ይለኛል።

ምግቡ አስቸጋሪ ነበር። የጀመርነው ሁዳዴ ላይ ነው። ለአዛውንት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ለታመመ ከዚያም በላይ። ለ43 ኪሎ ሰው በትንሹ 50 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። እቴቴ ደግሞ በጾም እንቁላል አትቀምስም። እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አትቀምስም። መንዝ ያደገች ሴት ናት፤ አልጋ ላይ ሆናም ትጾማለች። እኔ ብለምን አልሰማችኝ። የንስሐ አባቷ ሲመጡ ጉዳዩን ነገርኳቸው። አባ ብዙ አላስረዷትም። «ጥሉላት አልልሽም። ግን ከጠዋት ጀምረሽ ብይ፣ ይህ ያንቺ ቀኖና ነው» አሏት። አለቀ። ጠዋት በሶ ወይም የአጃ አጥሚት፣ ረፋድ ላይ የሱፍ ፍትፍት፣ ምሳ ምስር ወጥ፣ ማታ ሽሮ ወፈር ብሎ። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። እየመዘንኩ ነበር የምሠራው። ከፋሲካ በኋላ እንቁላልና አይብ ተጨመረ። በ12ኛው ሳምንት 46 ኪሎ ተኩል ገባች።

ስለ ዎከሩም ጥቂት ልበል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ነው የገዛው፤ አራት እግር ያለው የአሉሚኒየም። ቀላል ነው፣ ይታጠፋል። እኔ ቁመቱን በግምት ከፍ አድርጌው ነበር፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ጋ ደርሶ ነበር የምትሄደው። ልጁ እጇን ወደ ታች አስለቀቃትና እጀታውን ከእጅ አንጓዋ ትክክል አደረገው። ክርኗ ትንሽ ታጠፈ፣ ጀርባዋ ቀና አለ። ከታች ያሉት ጎማዎች ግን በወር ውስጥ አለቁ። ግቢያችን የድንጋይ ንጣፍ ነው። ጎማው ያለቀ ዎከር ያንሸራትታል፤ ስትገዙ መለዋወጫ ጎማ አብራችሁ ግዙ። ነጠላ ጫማዋንም አስጥሎ ተረከዟን የሚይዝ የጎማ ሶል ያለው ሽፍን ጫማ አስገዛን። በዘጠነኛው ሳምንት ከዎከር ወደ ከዘራ ተዛወረች። ከዘራው በጤነኛው እግር በኩል ነው የሚያዘው። እኛ በታመመው በኩል አስይዘናት ነበር፤ አስተካከለው።

አሁን ያልወደድኩትን ልናገር። ሁለት ጊዜ ቀርተዋል። አንዴ ደውለው አሳወቁ፤ ሌላኛውን ግን እቴቴ ጫማዋን አድርጋ፣ ሻሿን አስራ፣ እስከ 6 ሰዓት በረንዳ ላይ ጠብቃ ነው የቀሩት። ለወጣት ሰው ይህ ትንሽ ነገር ነው። ለሷ ሳምንቱ ሙሉ የዚያች ቀን ነው። በጣም ተናደድኩ፣ ነገርኳቸውም። የፋሲካ ሳምንት ላይ ደግሞ ሌላውን ልጅ ላኩ። ችሎታ አያንሰውም፤ ግን ይቸኩላል፣ ጮክ ብሎ እንደ ስፖርት መምህር ይቆጥራል። እቴቴ «አንተ ልጅ፣ እኔ ወታደር አይደለሁም» ብላ ተቀመጠች፤ አልነሳም አለች። ለደከመ ሰው ባለሙያ አይቀያየርም። ይህን እነሱ ከኔ ይልቅ ሊያውቁት ይገባ ነበር።

እንቅስቃሴዎቹንም በጽሑፍ አይሰጡም። የመጀመሪያውን ወር እኔ ነኝ በልጄ ደብተር ላይ እየሳልኩ የያዝኩት። ከጠየቅኋቸው በኋላ ልጁ እቴቴ ስትሠራ በስልክ ቀርጾ በቴሌግራም ላከልኝ። ይህ ለሁሉም ቤተሰብ ከመጀመሪያው ቀን መደረግ ያለበት ነው። ከከተማ ውጭም አይሄዱም። አንኮበር፣ ደብረ ሲና፣ መንዝ ያለው ሰው እናቱን እዚህ ካላመጣ አያገኛቸውም።

ዋጋው በአንድ ቀን 500 ብር ነው። ያልመጡባቸውን ሁለት ቀን ሳይቆጥሩ 11,000 ብር ከፈልኩ። ለአስተማሪ ደመወዝ ከባድ ነው። ወንድሜ ባያግዘኝ አልችለውም ነበር። አቅም ለሌለው ሰው የምመክረው አራት ቀን ብቻ እንዲከፍል ነው፤ መጀመሪያ ለምርመራ፣ ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ ሥራውን እያከበደ እንዲያስተካክል። በመሐል ያለውን ቤተሰብ ይሠራዋል። ይህን ሐሳብ ለልጁ ስነግረው ተስማማ፤ አሁን ለሌሎች ሰዎች እንደዚያ እየሠራ ነው። ሐኪም ካልፈቀደ ግን በራሳችሁ አታስነሱ። የእቴቴ ወረቀት ይፈቅድ ነበር፤ የሌላው ሰው ላይፈቅድ ይችላል።

ውጤቱን በሰዓት ነው የለካው። ከወንበር ተነስታ፣ ሦስት ሜትር ሄዳ፣ ዞራ ተመልሳ ትቀመጣለች። መጀመሪያ በዎከር ስትሞክረው 41 ሰከንድ ፈጀባት። በመጨረሻው ቀን በከዘራ 19። ከ12 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት አዛውንት የመውደቅ ስጋት አለበት ይባላል፤ ስለዚህ እቴቴ ከስጋት አልወጣችም። እንደ ድሮዋም አልሆነችም። እንስራ አትሸከምም። ብርድ ሲሆን ዳሌዋን ይቆረጥማታል። ለሊት ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ ተቀምጣ አባታችን ሆይን አንዴ ደግማ ነው የምትቆመው፤ ደሟ እስኪረጋ እንዳያዞራት።

በዘጠነኛው ሳምንት ዓርብ ቀን ልጁ ሲመጣ ምንም አላሠራትም። ከሰል፣ ማንደጃና ክብሪት አስመጣኝና በረንዳው ላይ፣ ወገቧ ድረስ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። እቴቴ አየችውና ገባት። ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ማንደጃው ላይ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ልጁ ከኋላዋ እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካት ቆሞ ነበር። ቡናውን አፍልታ መጀመሪያ ለሱ ቀዳችለት።

ሰኔ ላይ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ ብትቆይልኝ ወድጄ ነበር፤ እሷ ግን በጎቿን ማን ያይልኛል አለች። ወንድሜ ከቤቱ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ በግራ በኩል የእንጨት መደገፊያ ተከለ፤ ያንን ድንጋይም ነቅሎ አወጣው። ለሊት የምትጠቀምበት ፖፖም አልጋዋ ሥር አለ። ሁለቱን ጣሳና አስሯን ባቄላ በሻሽ ጠቅልላ ይዛ ነው የሄደችው።

ማታ ማታ እየደወልኩ «ዛሬ ስንት?» እላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ኔትወርክ ሦስት ቀን ጠፋ። በአራተኛው ቀን ሲገባልኝ ደህና መሆኗን እንኳ ሳልጠይቃት፣ ስልኩን እንዳነሳች «አስር፣ አስር፣ አስር» አለችኝ።